የስም ማጥፋት ክስ አፍ ማዘጊያ ነው? በሰፊው ለተሰራጨ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው በ2020 የአሜሪካ ምርጫ ሰበብ በቴሌቪዥን ጣቢያዎች ላይ ስለተመሠረቱት የስም ማጥፋት ክሶች ነው። አማርኛው ይጥማል፤ ጸሐፊውም ስለ ንግግር ነፃነት ከልባቸው የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። መደምደሚያቸው ግን የተሳሳተ ነው። እዚህ አሜሪካ ተቀምጠን በአማርኛ ቻናል የከፈትን፣ የምንጽፍና የምናዳምጥ ብዙ ስለሆንን ነገሩ ሳይታረም እንዲያልፍ አልፈለግኩም። (ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የእሳቸውን ሐሳብ በትክክል ላስቀምጥ። አንደኛ፣ እነዚህ ክሶች ሀብታም ኩባንያዎች የማይወዱትን ወሬ የሚያፍኑባቸው አፍ ማዘጊያዎች ናቸው ይላሉ፤ ለማሳያም ፎክስ ኒውስ የተባለው ጣቢያ የምርጫ ማሽን ለሚሠራው ለዶሚኒየን ኩባንያ የከፈለውን 787.5 ሚሊዮን ዶላር ያቀርባሉ። ሁለተኛ፣ ጣቢያዎቹ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕና ጠበቆቻቸው ምርጫው ተጭበርብሯል ሲሉ የተናገሩትን አስተላለፉ እንጂ ከራሳቸው የፈጠሩት ነገር የለም፤ ይህም የጋዜጠኛ ሥራ ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ጉዳዩ በገንዘብ ስለተቋጨ እውነቱ አልተመረመረም፣ የምርጫ ማሽኖቹ ነገር ተዳፍኖ ቀርቷል ይላሉ። አራተኛ፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን ብሂል ጠቅሰው፣ የውሸት መድኃኒቱ ተጨማሪ ንግግርና ጊዜ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም ይላሉ። በመጨረሻም ዛሬ ፎክስን የመታው ዱላ ነገ ትንንሾቹን፣ የእኛኑ የአማርኛ ቻናሎች ጭምር፣ ይመታል ብለው ያስጠነቅቃሉ። ይህ የመጨረሻው ላይ ከፊል እውነት አላቸው፤ እመለስበታለሁ።

አፍ ማዘጊያ ስለሚለው ነጥብ። ለእኛ ስም ማጥፋት የሚባል ክስ ሲነሣ ቶሎ የሚመጣብን ዐቃቤ ሕግና እስር ቤት ነው፤ ምክንያትም አለን። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል፤ የግል ጋዜጣ አዘጋጆች በዚሁ ክስ ከፍርድ ቤት ማረሚያ ቤት ሲመላለሱ አይተናል። በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት ከወንጀልነት የወጣው በ2013 ዓ.ም በተደነገገው አዋጅ ቁጥር 1238 ነው፤ ገና ትናንት ማለት ነው። ጸሐፊው ስጋታቸውን ከዚያ ይዘውት እንደመጡ እገምታለሁ፤ አልፈርድባቸውም። እዚህ የምናወራው ግን የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ከሳሹ ተጎዳሁ የሚለው ሰው ወይም ድርጅት ነው፤ መንግሥት የለበትም፣ የሚታሰር የለም፣ የማስረዳት ሸክሙም የከሳሹ ነው።

ሸክሙም ከባድ ነው። በ1960 ኒው ዮርክ ታይምስ የጥቁሮች መብት ታጋዮች ከፍለው ያወጡትን የሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አተመ። ስህተቶች ነበሩበት፤ ለምሳሌ ማርቲን ሉተር ኪንግ አራት ጊዜ ታስረው ሳለ ሰባት ጊዜ ይላል። የሞንትጎመሪ ከተማ የፖሊስ ኃላፊ የነበረው ሱሊቫን፣ ስሙ እንኳን ሳይጠራ፣ ከሰሰ፤ የአላባማ ጁሪም (ከተራ ዜጎች የተመረጡ ፈራጆች) 500,000 ዶላር ፈረደለት። በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ፍርድ በዘጠኙም ዳኞች ድምፅ ሻረው። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣን፣ በኋላም ታዋቂ የሆነ ሰው ሁሉ፣ ለማሸነፍ የተነገረበት ሐሰት መሆኑን ማሳየቱ ብቻ አይበቃውም። ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ግድ ሳይሰጠው መናገሩን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ማረጋገጥ አለበት። ቸኩሎ መሳሳት አያስከፍልም። ሳያጣሩ መቅረት እንኳን ብቻውን አይበቃም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ መርህ አይደለም። ሳራ ፔሊን ኒው ዮርክ ታይምስን በ2017 ርእሰ አንቀጹ ሳቢያ ከሰሰች፤ ጋዜጣው በእርግጥ ተሳስቶ ነበር፣ ቶሎም አርሟል። በ2022 ተረታች፤ ይግባኝ ሰሚው እንደገና ይታይ ብሎ መለሰላትና በ2025 ደግማ ተረታች። ጸሐፊው «ማንም ሀብታም ተነሥቶ ጋዜጣ የሚዘጋበት» የሚሉት ሥርዓት ይህ ከሆነ፣ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን የተወዳደረች ሴት ስህተቱ በታመነ ዘገባ ላይ ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን የተመለሰችው እንዴት ነው?

ደግሞ ከሳሾቹ ሁሉ ሀብታም ኩባንያዎች አይደሉም። ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሣቸው ሁለት ሴቶች አሉ፤ እናትና ልጅ፣ አትላንታ ውስጥ ስቴት ፋርም አሬና በተባለው አዳራሽ ድምፅ የቆጠሩ የምርጫ ሠራተኞች። ስማቸውን አልጠራም፤ ከሚገባው በላይ ተጠርቷል። የትራምፕ ጠበቃ የነበረው ሩዲ ጁሊያኒ በዲሴምበር 2020 በጆርጂያ ሕግ አውጪዎች ፊት ቀርቦ፣ እናትና ልጅ ዩኤስቢ እንደ ሄሮይን ወይም እንደ ኮኬይን ብልቃጥ ሲቀባበሉ በካሜራ ታይተዋል አለ። በጁን 2022 ልጅየዋ በኮንግረሱ አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀርባ እናቷ የሰጠቻት ምን እንደነበር ተጠየቀች። የዝንጅብል ከረሜላ ነበር። በመሐሉ ግን ዛቻው በዝቶ እናትየዋ በኤፍቢአይ ምክር ቤቷን ለቅቃ ሁለት ወር ገደማ ከሰው ቤት ሰው ቤት ስትል ከርማለች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። እነዚህ ሴቶች የራሳቸው ቴሌቪዥን የላቸውም፤ ሚሊዮን ተከታይ የላቸውም፤ ፓርቲ የላቸውም። የነበራቸው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። በዲሴምበር 2023 ጁሪው ጁሊያኒ 148 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ።

የሳንዲ ሁክ ወላጆችም አሉ። በ2012 በኮኔቲከት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። የሬዲዮና የኢንተርኔት አቅራቢው አሌክስ ጆንስ ለዓመታት ነገሩ ተውኔት ነው፣ ወላጆቹም ተዋንያን ናቸው ሲል ኖረ፤ የሰሙት ሰዎች ልጃቸውን የቀበሩትን ወላጆች እየተከታተሉ አስጨነቋቸው። በ2022 የኮኔቲከት ጁሪ ጆንስ 965 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የፈረደው በዚህ ሳቢያ ነው። እነዚህ ወላጆች የየትኛው ኩባንያ ባለቤቶች ናቸው?

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ዶሚኒየን ራሱ ያኔ በአብዛኛው በአንድ የግል ኢንቨስትመንት ፈንድ የተያዘ ኩባንያ ነበር። ከፎክስ የተገኘው ገንዘብ ለባለሀብቶች ገባ እንጂ ለተታለለው ተመልካች አንድ ሳንቲም አልደረሰም። ጸሐፊው ይህን ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ባለሀብት መሆን የመዋሸት ፈቃድ ለሌላው አይሰጥም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ማየት እፈልጋለሁ። «ፕሬዚዳንቱ ያሉትን አስተላለፉ እንጂ ምን አደረጉ?» የሚለው ክርክር ሲሰሙት ያሳምናል። ፎክስም ፍርድ ቤት ይዞት የቀረበው ይኸው ነው። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲያዘጋጁ የክሱን ሰነዶች ያገላበጡ አይመስለኝም፤ ቢያገላብጡ ኖሮ ይህን አይሉም ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ እናስታውስ። ኖቬምበር 3 ቀን 2020 ሌሊት ፎክስ ከሌሎቹ ጣቢያዎች ቀድሞ አሪዞናን ባይደን አሸንፏል አለ። ትክክል ነበር። የፎክስ ተመልካች ግን ተቆጣ፤ ወደ ተፎካካሪው ጣቢያ ወደ ኒውስማክስ መሸሽ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነው የዶሚኒየን ማሽን ድምፅ ገልብጧል፣ ኩባንያው በቬኔዝዌላ ለሁጎ ቻቬዝ ምርጫ ማጭበርበሪያ የተቋቋመ ነው፣ ለባለሥልጣናት ጉቦ ይሰጣል የሚለው ወሬ በጣቢያው ላይ ሰፊ ቦታ ያገኘው። ዶሚኒየን የተመሠረተው ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ነው። ይህን ለማወቅ የአምስት ደቂቃ ፍለጋ ይበቃ ነበር።

ይህን ወሬ በጣቢያው ላይ የተናገረችው የትራምፕ ወገን ጠበቃ ሲድኒ ፓወል ከምን ተነሥታ ነው ይህን የምትለው? አንዱ መነሻ አንዲት ግለሰብ የላከችላት ኢሜይል ነበር። ኢሜይሉ ስለ ዶሚኒየን ካተተ በኋላ፣ አንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በሰው አደን ላይ እንደተገደሉ ይተርካል፤ ላኪዋ ነፋስ እንደሚያናግራት ትጽፋለች፤ የምጽፈው እብደት እንደሚመስል አውቃለሁም ትላለች። ፓወል ይህን ኢሜይል ለፎክስ አቅራቢዋ ለማሪያ ባርቲሮሞ ላከችላት። በማግሥቱ፣ ኖቬምበር 8፣ ባርቲሮሞ ፓወልን በፕሮግራሟ ላይ እንግዳ አድርጋ ስለ ዶሚኒየን ጠየቀቻት። ተመልካቹ የሰማው «የፕሬዚዳንቱ ጠበቃ ማስረጃ አለኝ ትላለች» የሚለውን ነው። ስለ ኢሜይሉ የነገረው የለም።

ኖቬምበር 12 ላይ ዤኪ ሄንሪክ የምትባል የፎክስ ዘጋቢ፣ ዶናልድ ትራምፕ ስለ ዶሚኒየን የጻፉትን ትዊት ጠቅሳ፣ የምርጫ ደህንነት ባለሥልጣናት ማሽን ድምፅ ለመሰረዙ ወይም ለመቀየሩ ምንም ማስረጃ የለም ማለታቸውን ጻፈች። ሥራዋን ሠራች። የዚያን ዕለት የፎክስ አቅራቢው ታከር ካርልሰን ለባልደረባው ለሾን ሃኒቲ በስልኩ መልእክት ላከ፦ እባክህ አስባርራት አለ። ዛሬ ማታውኑ መቆም አለበት፣ ኩባንያውን እየጎዳው ነው፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ወርዷል አለ። በማግሥቱ ጠዋት የሄንሪክ ትዊት ተሰርዞ ነበር።

ይህ ማስተላለፍ ነው? ያው ካርልሰን ከጥቂት ቀናት በኋላ ለሌላዋ የፎክስ አቅራቢ ለሎራ ኢንግራም «ሲድኒ ፓወል እየዋሸች ነው፤ ደርሼባታለሁ» ብሎ ጽፏል። ኢንግራም ፓወል ለይቶላታል፣ ማንም አብሯት አይሠራም፣ ጁሊያኒም ያው ነው ብላ መለሰችለት። ሃኒቲ በቃለ መሐላ ሲጠየቅ ለአንዲት ሰከንድ አላመንኩትም አለ። የጣቢያው የራሱ የመረጃ አጣሪ ክፍል ወሬው መሠረት እንደሌለው አሳውቋል። ባለቤቱ ሩፐርት መርዶክ ፓወልና ጁሊያኒ በጣቢያው እንዳይቀርቡ ማድረግ ትችል አልነበረም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «እችል ነበር፤ ግን አላደረግኩትም» ሲል መለሰ። አንዳንድ አቅራቢዎቹ ወሬውን ደግፈው ማቅረባቸውንም አመነ።

ሰው የሰማውን አምኖ ቢናገርና ቢሳሳት አዝንለታለሁ። እነዚህ ሰዎች ግን ጓዳ ውስጥ «በሬ ወለደ ነው» የሚሉትን፣ ደጅ ወጥተው ለሚያምናቸው ሕዝብ በቁም ነገር አቀረቡለት። የተጎዳው ዶሚኒየን ብቻ አይደለም። ከሁሉም በላይ የተናቀው የራሳቸው ተመልካች ነው፤ እውነቱን የሚሸከም ትከሻ የለውም ብለው ነው የፈረዱበት። ጸሐፊው ለዚያ ተመልካች መብት የሚቆሙ ከሆነ ንዴታቸው ወደዚህ መዞር ነበረበት።

በተረፈ ያንኑ ወሬ የዘገቡ ጣቢያዎችና ጋዜጦች ቁጥር ስፍር የላቸውም። አሶሺየትድ ፕሬስ ዘግቧል፤ ሮይተርስ ዘግቧል፤ ሲኤንኤን ዘግቧል። ፕሬዚዳንቱ ይህን አሉ፣ ኩባንያው ይህን መለሰ፣ ባለሥልጣናቱ ይህን አጣሩ ብለው ጻፉ፤ ዶሚኒየን አልከሰሳቸውም። ስለዚህ የተከሰሰው ወሬውን መዘገብ አይደለም። የፎክስን ክስ ያዩት የደላዌር ግዛት ዳኛ ኤሪክ ዴቪስም የፎክስን መከራከሪያ ሲጥሉ፣ ስርጭቶቹ ገለልተኛ ዘገባ እንዳልነበሩ በግልጽ ጽፈዋል።

«እውነቱ አልተመረመረም» የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ በላይ የሚያሳስት ይመስለኛል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። እውነት ነው፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2023 ጁሪው ተመርጦ ቃለ መሐላ ከፈጸመ በኋላ፣ የመክፈቻ ንግግር እየተጠበቀ ሳለ፣ ችሎቱ ለረጅም ሰዓት ዘገየና ዳኛው ወጥተው ተከራካሪዎቹ ተስማምተዋል አሉ። መርዶክ ምስክር ሳጥን ውስጥ ሲቆም አላየንም። ፎክስም በስርጭቱ ይቅርታ እንዲጠይቅ አልተገደደም፤ ፍርድ ቤቱ ስለ ዶሚኒየን የተነገሩ አንዳንድ ነገሮች ሐሰት ናቸው ማለቱን እንቀበላለን የሚል አጭር መግለጫ አወጣና አለፈ። ይህ እኔንም ያንገበግበኛል። ያ ተመልካች ከዚያው ከሚያምነው ስክሪን ላይ «ዋሽተንህ ነበር» የሚል ቃል መስማት ይገባው ነበር።

ግን የወሬው ሐሰትነት አልተመረመረም ማለት ፈጽሞ ስህተት ነው። ከስምምነቱ 18 ቀን በፊት፣ ማርች 31፣ ዳኛው ሁለቱም ወገን ያቀረቡትን ማስረጃ መርምረው፣ ስለ ዶሚኒየንና ስለ 2020ው ምርጫ ከተነገሩት ውስጥ አንዱም እውነት አለመሆኑ ግልጽ ነው ሲሉ ወስነዋል። በእንግሊዝኛው «CRYSTAL clear» ብለው፣ የመጀመሪያውን ቃል በትልልቅ ፊደላት ነው የጻፉት። ጁሪው እንዲወስን የቀረው ፎክስ እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ የሚለውና የካሳው መጠን ነበር። እውነትነቱ ላይ ለጁሪ የሚቀርብ ክርክር አልቀረም።

ማሽኖቹም ቢሆኑ ተዳፍነው አልቀሩም። በ2020ው ምርጫ ጆርጂያ የዶሚኒየንን ማሽን በመላ ግዛቱ ትጠቀም ነበር፤ ማሽኑ ግን የመራጩን ድምፅ በወረቀት ያወጣ ነበር። በኖቬምበር 2020 ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወረቀቶች በእጅ፣ አንድ በአንድ ተቆጠሩ። አሸናፊው ያው ባይደን ሆነ። ማሽን ድምፅ ገልብጦ ቢሆን ወረቀቱና ማሽኑ ባልተስማሙ ነበር። በሚሺጋን አንትሪም ካውንቲ የምርጫው ሌሊት የተሳሳተ ውጤት መውጣቱ እውነት ነው፤ ወሬው ጭስ ያገኘው ከዚያም ጭምር ነው። ስህተቱ የሠራተኞች ነበር፣ ወዲያው ታረመ፣ በዲሴምበር ደግሞ ወረቀቱ በእጅ ተቆጥሮ ተረጋገጠ።

ጸሐፊው ከዚህ በኋላ ማንም ስለ ምርጫ ማሽን ክፍተት ለመናገር አይደፍርም ይላሉ። ተናግረዋል እኮ። አንድ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ፕሮፌሰር የጆርጂያን ማሽኖች መርምረው እውነተኛ የደህንነት ክፍተቶች አገኙ፤ የፌዴራሉ የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት በጁን 2022 ክፍተቶቹን አረጋግጦ ማሳሰቢያ አወጣ፣ በየትኛውም ምርጫ ላይ ጥቅም ላይ ለመዋላቸው ግን ማስረጃ አላገኘም። ጋዜጦች በሰፊው ጻፉት። ዶሚኒየን ይህን ይዞ ፍርድ ቤት አልሄደም። ቢሄድም የሚያሸንፍበት ሕግ የለም።

ስለ ተጨማሪ ንግግርና ስለ ጊዜ ብዙ አልልም። ተጨማሪ ንግግር ሄንሪክ ሞክራው ነበር፤ መልሱ «አስባርራት» ሆነ። ዶሚኒየንም ከ3,600 በላይ የማስተካከያ መልእክት ለፎክስ ልኬያለሁ ይላል፤ ስርጭቱ አልቆመም። እኛ ዛሬ የካርልሰንን መልእክት የምናነበው፣ የመርዶክን ቃል የምናውቀው ቀን ስለነጋ አይደለም። ፍርድ ቤት ስልካችሁንና ኢሜይላችሁን አስረክቡ፣ እጃችሁን አንሥታችሁ ማሉ ስላለ ነው። ኒውስማክስ በ2021 ለአንድ የዶሚኒየን ባልደረባ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ተከስሶ ነው። ዋን አሜሪካ ኒውስ የተባለው ጣቢያም የአትላንታዎቹ እናትና ልጅ ከከሰሱት በኋላ፣ በ2022 ስምምነት ላይ ሲደርስ፣ የጆርጂያ ባለሥልጣናት በዚያ አዳራሽ የተስፋፋ ማጭበርበር አለመኖሩን አረጋግጠዋል የሚል ማስታወቂያ በራሱ ስርጭት አየር ላይ አዋለ። እንደዚህ ያለ እርማት ከክስ በፊት የት ታየ?

አሁን ወደ መጨረሻው ስጋታቸው፤ ዱላው ነገ ትንንሾቹን ይመታል ወደሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ካነሡት በላይ ማስረጃ ልጨምርላቸው እችላለሁ። ትራምፕ ኤቢሲን ከስሰው በዲሴምበር 2024 ጣቢያው ለፕሬዚዳንታዊ ቤተ መጻሕፍታቸው 15 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥ ተስማማ፤ ብዙ የሕግ ሰዎች ጣቢያው ቢከራከር ይረታ ነበር ብለው አዝነዋል። በጁላይ 2025 የሲቢኤስ ጣቢያ ባለቤት የሆነው ፓራማውንት፣ ትራምፕ በአንድ ቃለ መጠይቅ አርትዖት ሰበብ ስለከሰሱት፣ 16 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ያ ክስ የስም ማጥፋት እንኳን አልነበረም። ኩባንያው በጊዜው የመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልገው ውህደት ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ትራምፕ ዎል ስትሪት ጆርናልን በ10 ቢሊዮን፣ ኒው ዮርክ ታይምስን በ15 ቢሊዮን ዶላር ከሰሱ። ሥልጣን ያለው ሰው ክስን ማስፈራሪያ ሲያደርገው አደጋ ነው፤ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም።

ልዩነታችን ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተታቸው ላይ ነው። ትራምፕ ሲኤንኤንን «ትልቁ ውሸት» የሚለውን አገላለጽ ተጠቅሟል ብለው በ475 ሚሊዮን ዶላር ከሰሱ፤ ዳኛው በ2023 አስተያየት ነው ብለው ዘጉት፣ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። የዶሚኒየን ክስ በማስረጃ ምርመራ አልፎ እስከ ጁሪ ደጃፍ ደረሰ። ሁለቱን የለየው የከሳሹ ሀብት አይደለም፤ የተነገረው አስተያየት ነው ወይስ ሐሰትነቱ በማስረጃ የሚረጋገጥ ነገር የሚለው የሕግ መመዘኛ ነው። ለትንሹ ጋዜጠኛ ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ዋሽንግተን ዲሲና ሌሎችም ለማስፈራሪያ የሚመሠረቱ ክሶችን ገና ከጅምሩ የሚያስዘጋ ሕግ አላቸው። በሁሉም ግዛት የለም፤ ባለበትም ጥንካሬው ይለያያል። ይህን ክፍተት ማንሣት ጠቃሚ ነበር፤ ጽሑፉ አላነሣውም።

ስለ አማርኛ ቻናሎቻችን ከተናገሩ ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘልለዋል። የሱሊቫን ከለላ የሚሠራው ባለሥልጣንና ታዋቂ ሰው ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 ተራ ግለሰብን በተመለከተ ግዛቶች ዝቅ ያለ መመዘኛ እንዲያወጡ ፈቅዷል፤ በብዙዎቹ ዘንድ ቸልተኝነትን ማሳየት ይበቃል። ይህ ማለት ፎክስ ካለበት አደጋ ይልቅ የእኛ ቻናል ያለበት ይብሳል። የእኛ መድረክ ላይ የሚወራው ስለ ምርጫ ማሽን ኩባንያ አይደለም። ባለ ሬስቶራንቱ ለእገሌ ቡድን ገንዘብ ያስተላልፋል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቦርድ ሰብሳቢ የእነ እገሌ ተላላኪ ነው፣ ይህች ልጅ ሰላይ ናት ነው የሚባለው። ሰውየው ፎቶው ከፌስቡክ ገጹ ተነሥቶ፣ ቀይ ክብ ተደርጎበት፣ «ጉዱ ወጣ» ተብሎ ይለጠፋል። እንግዳው በዙም ገብቶ «መረጃው አለኝ፣ ጊዜው ሲደርስ አወጣዋለሁ» ይላል፤ አዘጋጁ «ወገን፣ ይህን ላይክ ሼር እያደረጋችሁ» ይላል። ማንም ደውሎ ሰውየውን አልጠየቀም። ሰውየው በማግሥቱ ሥራው ሲገባ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ቅዳሴ ሲቆም የሚያየው ዐይን ሁሉ ይህን አይቶ የመጣ ነው።

ጸሐፊው ለቻናሉ ባለቤት ፈርተውለታል። እኔ ለሰውየውም እፈራለሁ፤ ለባለቤቱም የሚጠቅመው እውነቱን ማወቁ ነው። ስሙን ከመጥራቱ በፊት ደውሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ያስገባ። እንግዳው ያለ ማስረጃ ሰው ሲወነጅል ያቋርጠው፤ «የእንግዳው አስተያየት ነው» የሚለው ጽሑፍ ከታች መሮጡ አያድነውም። ከተሳሳተ እርማቱን በዚያው ቻናል፣ በዚያው ሰዓት፣ የተሳሳተውን ያህል ጎልቶ ያቅርብ። በብዙ ግዛቶች በወቅቱ የተደረገ እርማት ካሳውን ይቀንሳል። ይህን የሚያደርግ ቻናል ባለሥልጣንንም ባለሀብትንም ሳይፈራ ሊተች ይችላል፤ ሕጉ ከኋላው ነው።

ጸሐፊው ብዕራቸውን ሊያነሡለት የሚገባ እውነተኛ አደጋ ደግሞ አለ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ከ2019 ጀምሮ የሱሊቫን ፍርድ እንደገና ይታይ እያሉ ነው፤ በ2021 ዳኛ ኒል ጎርሰችም ተቀላቅለዋቸዋል። በ2023 የፍሎሪዳ ሕግ አውጪዎች ያንን መመዘኛ የሚያላላ ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ ካስቆሙት ውስጥ ወግ አጥባቂ የሬዲዮ ጣቢያዎች ራሳቸው ነበሩበት፣ መጀመሪያ የምንጠፋው እኛ ነን ብለው። የካዚኖ ባለሀብቱ ስቲቭ ዊን ሱሊቫን ይሻርልኝ ብሎ ያቀረበውን አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2025 አልቀበልም አለ። ሌላ አቤቱታ መምጣቱ አይቀርም። ያ መመዘኛ ባይኖር ኖሮ ፔሊን ልታሸንፍ፣ ሱሊቫንም 500,000 ዶላሩን ሊቀበል ይችል ነበር። ጸሐፊው ስለዚህ ጉዳይ ቢጽፉ ይህኛውን ጽሑፋቸውን ያጋራ ሰው ሁሉ ያንንም እንዲያጋራ የምጠይቀው እኔ እሆናለሁ።